ሜትሩ መጀመሪያ የገባበት ጉድጓድ

እትዬ ነገ ሥራ ልትወጣ ነው በተባለ ቀን፣ ቤታችን ውስጥ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ጠላቷ ነው። ሽቶ አትቀባም፤ የእጅ ቅባት አትነካም። ልብሷን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባ ለብቻው ታሰጣለች። ባሏ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ በበሯ ካለፈ ያን ቀን አያድርገው። እኔ ደግሞ የዚያው ቤት የፊቱን ክፍል ፀጉር ቤት አድርጌ የምኖር ታናሽ እህቷ ነኝ። የፀጉር ቀለሙ፣ ቅባቱ፣ የጥፍር ቀለሙና ማስለቀቂያው አሴቶን መተዳደሪያዬ ናቸው። እንግዲህ አብረን እንዴት እንደምንኖር እናንተው ገምቱት።

"አንቺ ልጅ፣ ያንን ጠርሙስ ክደኚ!" ትለኛለች በመስኮት።

"ተከድኗል እኮ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን ይሸተኛል?"

"አፍንጫሽ ነዋ! እሱን ክደኚው።"

ትስቃለች፤ ግን መስኮቱን ዘግታ ነው የምትስቀው። በሥራዋ ቀልድ አታውቅም።

ሰው ሥራዋን ሲጠይቃት "ውሃ እቀዳለሁ" ብላ ታልፈዋለች። ጠያቂው ፊቱን በሐዘኔታ ጨምደድ አድርጎ "አይዞሽ፣ ሥራ ክቡር ነው" ይላታል። እሷም "አመሰግናለሁ" ትላለች። ቆሽቴ የሚያርረው እኔ ነኝ። "የኬሚስትሪ ምሩቅ ናት እኮ!" ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል? ሰውየው አንዴ አዝኖላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጅ ማደያ ቤንዚኑንና ናፍጣውን የሚያስቀምጠው መሬት ውስጥ በተቀበረ ታንከር ነው። ታንከር ደግሞ እንደ ሰው ያረጃል። ቧንቧው ይዝጋል፣ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ማንም ሳያየው ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ላይ ቆሞ መኪናውን የሚያስሞላ ሰው ምንም አያውቅም፤ መጀመሪያ የሚያውቀው ከሥር ያለው ውሃ ነው። ስለዚህ በማደያው ውስጥና ዙሪያ ክንድ የማያስገቡ ጠባብ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። እትዬ በየወቅቱ እየሄደች ክዳናቸውን ትከፍታለች። ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢጥ የሚል ረጅም ሜትር ሰድዳ ውሃው ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ትለካለች። ከዚያ ውሃውን ቀድታ ትንንሽ ጠርሙሶች ውስጥ እስከ አፍ ገደፋቸው ትሞላና በበረዶ ሳጥን ወደ ቤተ ሙከራ ትልካለች። ጠርሙሱ ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አየር እንኳ መቅረት የለባትም፤ ነዳጁ ወደ አየሯ ተንኖ ይደበቃል። ይህ አመል ቤትም ተከትሏት ገብቷል። እኔ ዘይት በጠርሙስ ስገለብጥ ካየች ጠርሙሱን ዘቅዝቃ አረፋ ትፈልግበታለች።

ስትጀምር ቤተ ሙከራው ውስጥ ነበረች። ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ሌሎች የሚያመጡላትን ጠርሙስ ትመረምር ነበር። አንድ ቀን ተነስታ "እኔ ወደ ውጭ መውጣት እፈልጋለሁ" አለች። እናታችን በሕይወት ነበረችና አበደች። "ጥላ አልስማማት አለ! ፀሐይ አማራት!" እያለች ለጎረቤት ስሞታ ተናገረች። እትዬ ግን፣ "እማዬ፣ ውሃው እንዴት እንደተቀዳ ካላየሁ ስለ ውሃው ምን እመሰክራለሁ? ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ አይደል የምትይን?" አለቻት። በገዛ ተረቷ ተያዘች፤ እናታችን ከዚያ በኋላ ስለ ፀሐዩ አላነሳችም።

ባሏን ያገኘችው ማደያ ውስጥ ነው። ነዳጅ ቀጂ ነበር። እሷ ልትከፍተው የመጣችው ጉድጓድ ክዳን ላይ የጭነት መኪና አቁሞ አላስነሳም አላት፤ እሷም መሣሪያዋን መሬት ላይ ዘርግታ መኪናው እስኪነሳ እዚያው ቁጭ አለች። ሾፌሩ ምሳ በልቶ፣ አርፎ፣ ከሰው ጋር ተጫውቶ እስኪመለስ ሁለቱ ሲነታረኩ ዋሉ። በንትርኩ መሃል ፍቅር ገባ። እኔ እንዴት እንደገባ አላውቅም፤ እነሱም አያውቁም።

ሰፈሩ ሊትሬ ይለዋል። ሁሉን ነገር በሊትር ስለሚሰፍር ነው። "ሾርባ ግማሽ ሊትር ይበቃኛል" ይላል። ዝናብ ሲዘንብ በር ላይ ቆሞ ጣራችን ስንት ሊትር እንደተቀበለ ይገምታል። እኔ ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ ከኋላ ሊትሬ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ሲወድ በእጁ የሚወድ ዓይነት። የላላውን ያጠብቃል፣ የቆሸሸውን ይወለውላል፤ አፉ ላይ ግን ለፍቅር የሚሆን ቃል የለውም። አሁን የፈረቃ ኃላፊ ሆኗል። ጉልበቱን ያመዋል፣ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከዚያ ማደያ ሌላ የሠራበት ቦታም የለም።

ሲጋቡ የእትዬ አለቃ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው፣ "ውሃና ቤንዚን አይቀላቀልም ሲባል አልሰማሽም?" ብለው ቀለዱባት። ቀጥለው ግን፣ ያንን ማደያ ለሌላ ባልደረባ ልስጠው ወይ ብለው ከልባቸው ጠየቋት። እሷ፣ "ጉድጓዶቹን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለባሌ ያደላሁ ዕለት ይውሰዱብኝ" አለች። አለቃዋም አመኗት።

የማደያው ግቢ ሥር ያለው ውሃ ከድሮ ጀምሮ የተበከለ ነው። እትዬና ሊትሬ ሳይደርሱበት ነዳጅ ፈሶበት ኖሯል። ይህ የታወቀ ስለሆነ ክትትሉ የመጣው፣ ብክለቱ ባለበት ይቀመጣል ወይስ ይራመዳል የሚለውን ለማወቅ ነው። ደንቡ አጭር ነበር፤ ከአጥሩ ካለፈ ማደያው ይዘጋል። ባለማደያውም፣ ሊትሬም፣ እኔም ጭምር በቃላችን እናውቀዋለን።

ከአጥሩ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ችግኝ እያፈሉ የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ። ቤታቸውም እዚያው ነው። ከራሳቸው ጉድጓድ ችግኞቻቸውን ያጠጣሉ፣ ራሳቸውም ይጠጣሉ። የእሳቸው ጉድጓድ ከሚፈተሹት አንዱ ነበር፤ ዘመኑን ሁሉ ንጹህ ሆኖ ኖሯል።

ውጤቱ በስልክ የመጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የደንበኛዬን ፀጉር እየጠቀለልኩ ነበር። እትዬ ገባችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አሴቶኑ ክፍት መሆኑን እንኳ አላየችም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

"ምን ሆንሽ?"

"የሽማግሌው ጉድጓድ ቤንዚን ተገኘበት።"

ደንበኛዬን እንዴት እንደሸኘኋት አላስታውስም። ከዚያ የመጣው ነገር ግን ሌላ ቤት ውስጥ የሚሆን አይመስለኝም፤ ጥፋተኛ ለመሆን ሽሚያ ተጀመረ። ሰው ጥፋቱን የአብዬን ወደ እምዬ ያላክካል፤ እኛ በተገላቢጦሽ ወደ ራሳችን እንጎትተው ጀመር። ለምን ብትሉ፣ ቤንዚኑ በእኛ ስህተት ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ከሆነ የሽማግሌው ውሃ ደህና ነው፣ ማደያውም ደህና ነው። እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ ስህተት ስትሸሽ ኖራ፣ ያን ዕለት ስህተቴ ይሁን ብላ ለመነች።

መጀመሪያ እኔ ቀረብኩ። "የኔ አሴቶን ነው! ያንን ቀን ክፍት አድሮ ነበር፣ ምዬ እነግርሻለሁ!"

"አሴቶን ሌላ ነው፣ እህቴ። ማሽኑ ይለየዋል። ደግሞ ንጹህ ውሃ ተሞልቶበት ሳጥኑ ውስጥ ሄዶ ሳይከፈት የሚመለስ ጠርሙስ አለ፤ ከአየር የሚገባ ነገር ቢኖር እሱም ይያዝ ነበር። እሱ ንጹህ ነው።"

በሕይወቴ ንጹህ መባል እንደዚያ ቀን አስከፍቶኝ አያውቅም።

ሊትሬ ከፈረቃው ሲመለስ ነገርነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ድንገት ግንባሩን በእጁ መታ።

"ሜትሩ!" አለ።

"ሜትሩ ምን ሆነ?"

"ሥራ ልትወጪ ዋዜማ ነው... ሬንጅ ነገር ነክቶት ተጣብቆ አየሁትና፣ ይቸግራታል ብዬ ወለወልኩት። በቤንዚን።"

ማደያ ሠራተኛ እጁ ሲቆሽሽ፣ ጫማው ሲቆሽሽ፣ ሰንሰለቱ ሲዝግ በቤንዚን ነው የሚወለውለው። እጁ ለምዶታል፤ አልታሰበውም። ለሚስቱ ደግ የሠራ መስሎት፣ ከቤንዚን መራቅ ያለበትን ብቸኛ ዕቃ በቤንዚን አጥቦ ሰጣት። ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ ይፈርስ ነበር። ያን ዕለት ግን እኔ ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እሱም ሳቀ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወዲያው ለባለማደያው ደወለለት፤ በአንድ ቤንዚን የነካ ጨርቅ እንደዚያ የተደሰተ ሰው ሰምቼ አላውቅም። "አይጥ በበላ ዳዋ ልንመታ ነበር!" እያለ በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ክፍሉ ሁሉ ሰማው።

እትዬ ብቻ አልሳቀችም።

እሷም ለአለቃዋ ደወለች፤ መደበቅ አትችልበትም። እሳቸው አዳመጧትና እንዲህ አሏት፤ "ሜትሩ ቤንዚን ይዞ ከሆነ፣ የሚያቆሽሸው መጀመሪያ የገባበትን ጉድጓድ ነው። ከየትኛው እንደጀመርሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ጠዋት ንገሪኝ፤ ያልሽውን ይዤ እሄዳለሁ።"

ስልኩን ዘጋች። ሊትሬም ሰምቷል።

ከንጹሁ ወደ ቆሻሻው፤ የሥራዋ ሕግ ይሄ ነው። ዘወትር የምትጀምረው ከማደያው በላይ መንገዱ ዳር ካለው ጉድጓድ ነው። ቀጥላ ወደ ሽማግሌው ትወርዳለች፤ የማደያው ግቢ ጉድጓዶች የመጨረሻዎቹ ናቸው። ላይኛው ጉድጓድ ደግሞ ንጹህ ነው ተብሏል። ሜትሩ ጥፋተኛ ቢሆን መጀመሪያ የገባበት እንዴት ንጹህ ይሆናል?

"ቤንዚኑ አድሮ ተንኗል" አለችው ቀስ ብላ። "እኔም ጠዋት አጥቤዋለሁ። በየጉድጓዱ መሃልም አጥባለሁ። ሜትሩ አይደለም።"

"ያን ቀን ከሽማግሌው ጀመርሽ እንበል።"

"አልጀመርኩም።"

"እንበል ነው ያልኩት! አብሮሽ የነበረ ሰው የለም። መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ ከታች ጀመርኩ ብትዪ ማን ያውቃል? በሚቀጥለው ወቅት ደግመሽ ትቀጂያለሽ። እውነት ከሆነ ያኔ ይታያል። አንድ ወቅት ነው የጠየቅኩሽ።"

"አንድ ወቅት ሙሉ ይጠጡት?"

እኔ ከሁለቱም ጋር ተጣላሁ። እሱን "አታፍርም ወይ?" አልኩት። እሷን ደግሞ "ይህን ሰው በዚህ ጉልበቱ ማን ይቀጥረዋል? ትንሽ እንኳ አያሳዝንሽም?" አልኳት። ሁለቱም እውነት ነበር፤ ሁለት እውነት በአንድ አፍ ሲወጣ ግን ጩኸት ብቻ ነው የሚሆነው። እራት ቀረበ። እትዬ ብርጭቋን አንስታ ወደ አፏ አስጠጋችና መልሳ አስቀመጠችው። "ይሄኔ ሽማግሌውም እራት ላይ ናቸው" አለች። ማንም አልበላም። ያን ዕለት እህቴን ፈራኋት፤ የሚደረገውን ቀድማ ወስናለችና፣ ባሏን ስታይ ግን ዓይኗ ይለምነዋል።

ጠዋት ሊትሬ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ሳለ ስልኩን አነሳች። ወደ ጓዳ ልትገባ ትችል ነበር፤ አልገባችም። እየሰማት ልትናገር ፈልጋ መሰለኝ።

"ጌታዬ፣ ከላይኛው ነው የጀመርኩት። ሜትሩ መጀመሪያ የገባው ላይኛው ጉድጓድ ነው። አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ።"

እኔ እስከዛሬ ያልረሳሁት፣ አለቃዋ "ጎበዝ፣ ምንም አላጠፋሽም" ሲሏት እንባዋ ዱብ ማለቱን ነው። ሊትሬ ጫማውን አስሮ ቀና አለ። አያትና ወጣ፤ በሩን ግን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ለሽማግሌው ከቢሮ ሰው ይላካል ተብሎ ነበር። እሷ አልጠበቀችም። "አብረሽኝ ነይ" አለችኝ፤ ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ተከተልኳት። በማደያው በኩል ስናልፍ ቀይና ነጭ ገመድ ተወጥሮ ነበር። ቀጂዎቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ግድግዳ ተደግፈዋል። ባለማደያው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይመላለሳል። ሊትሬን አላየሁትም። ከቀጂዎቹ አንዷ ጠጋ ብላ፣ ታንከሩ እስኪወጣ ሥራ የለም ተብሎ ሁሉም ወደየቤቱ እንደተሰናበተ፣ ሊትሬም ቁልፉን አስረክቦ እንደወጣ ነገረችኝ። እትዬ ሰምታለች። እርምጃዋን አላቀዘቀዘችም፤ እጄን ግን ያዘችኝ።

ሽማግሌው ችግኞቻቸው መሃል ቁጢጥ ብለው አረም ይነቅሉ ነበር።

"ልጄ! ምነው በሳምንቱ? የሚቀዳበት ጊዜ ደረሰ እንዴ?"

"አልደረሰም፣ አባባ።" አጠገባቸው እሷም ቁጢጥ አለች። "ውሃዎ ውስጥ ቤንዚን ተገኝቷል። ትንሽ ነው፤ ግን አይጠጣም። ከዛሬ ጀምሮ አይጠጡት። የሚጠጣ ውሃ ዛሬውኑ ይመጣልዎታል፣ ሐኪምም ያይዎታል።"

አረሙን እንደያዙ ቀሩ።

"ምንም አይሸትም እኮ።"

"መሽተት ሳይጀምር ነው የሚጎዳው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ልክ አላውቅም። ያለፈው ወቅት ስቀዳ ንጹህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው።"

ተነሱ፤ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ይቆጣሉ፣ ይራገማሉ፣ ወደ ማደያው ዞረው ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን ድንጋይ ነበር የማነሳው። እሳቸው ግን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ መንገዱ አዩ።

"ለማን ለማን አጠጣሁ?" አሉ። "ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች በየቀኑ ይጠጣሉ። ያቺ ነፍሰ ጡሯ ልብስ ሰፊ፣ ውሃዎ ይጣፍጣል ብላ በጀሪካን ትወስዳለች። ፖስታ አመላላሹ አለ። ሌላም አለ... እኔ እኮ በገዛ እጄ ነው የሰጠኋቸው። ኑ ጠጡ ብዬ እየጠራሁ!" ድምፃቸው ተሰበረ። "ምን ብዬ ነው ፊታቸውን የማየው?"

ሽማግሌው ኮታቸውን ከአጥሩ አንስተው ለበሱ። "ልብስ ሰፊዋ ትቅደም። እኔው ራሴ ልንገራት" አሉ።

ከበሩ ስንወጣ ሊትሬ እዚያ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እንጃ፤ የሰማውን ግን ከፊቱ አነበብኩት። የማደያውን ቱታ እንደለበሰ ነው፣ ደረቱ ላይ የማደያው ምልክት አለ። እሷን አላያትም። ለሽማግሌው ክንዱን ሰጣቸው፤ እሳቸውም ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ያዙት። አራታችን ሽቅብ ሄድን። ጉልበቱን እንዳመመው ያስታውቃል፣ አላረፈም ግን።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፈተች። ሆዷ ገፍቷል፣ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌውን ስታይ ፊቷ በራ። እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ "ልጄ፣ እኔ ላንቺ ይቅር የማይባል..." ሲሉ ሊትሬ ፈጠን ብሎ ከፊታቸው ቆመ።

"እሳቸው ምንም አላጠፉም" አለ። "እኔ የማደያው ሰው ነኝ። ከእኛ ነው የፈሰሰው፤ የምትወቅሺው ካለ እኔን ነው። ከጉድጓዱ የቀዳሽውን ውሃ አትጠጪ። ሐኪም ዘንድ ዛሬውኑ እንወስድሻለን።"

የማደያው ሰው ነኝ ሲል፣ ከማደያው ከተሰናበተ አንድ ሰዓት አልፎት ነበር። ይህን ሴትዮዋ አታውቅም፤ ሽማግሌውም አያውቁም። እኔና እትዬ ብቻ ነበርን የምናውቀው። እትዬ ቀረብ አለችና ከጎኑ ቆመች።